በሚስማር የተሰቀለው ጫማ

ልብስ ተኳሿ ቀኑን ሙሉ ካውያ ይዛ የምትቆም ሴት ናት። ግራ እግሯ ከቀኙ ያጥራል፤ ከተወለደች ጀምሮ እንዲያው ነው። ባሏ ጫማ ሰፊ ነው። ሲያገባት መጀመሪያ የሰጣት ስጦታ ሶሉ ወፍራም የሆነ የግራ እግር ጫማ ነበር፤ እሱን አድርጋ ከቆመች እግሯ ማጠሩን ማንም ልብ አይልም። ጫማውን ታንክ ብሎ ሰይሞታል፤ "ታንክሽን አድርጊ" ይላታል ጠዋት ጠዋት እየሳቀ።

አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያናቸው እንግዳ ሰባኪ መጣና ነገር ተበላሸ። በጉባኤው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት፣ ጫማዋን ከእግሯ አወለቀ፣ ሁለቱን ተረከዞቿን ይዞ እየጸለየ ጎተት አደረገና እኩል ሆኑ ብሎ ጮኸ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እሷንም ደስታው ራሷን አዞራት፤ በባዶ እግሯ ወዲያ ወዲህ ስትል ማነከሷን እንኳ አላስተዋለችም። ታንኩን ለምስክርነት ብለው ከመድረኩ አጠገብ በሚስማር ሰቀሉት።

ሰኞ ካውያው ፊት ስትቆም እግሯ ያው እግሯ ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ ፓስተር ብትነግረው ፈውስሽን በአፍሽ አትካጂ፣ ከተጠራጠርሽ ይወሰድብሻል አላት። ኧረ ምኑ ይወሰዳል! ከዚያ ወዲያ ዓመቱን ሙሉ በግራ እግሯ ጣቶች ቆማ ተኮሰች። ወገቧ እሳት ሆነ። ባሏ ሌላ ጫማ ሠርቶ ቢያመጣላት አልጋ ስር ወረወረችው። እሁድ በመጣ ቁጥር መድረክ ላይ ወጥታ መዳኗን ትመሰክራለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን መጸለይ አቃታት። ዋሽቶ ወደ ማን ቀና ይባላል? ከወገቧ ይልቅ ያ አመማት።

አንድ እሁድ መስክራ ስትወጣ አንዲት እናት በር ላይ እንቅ አድርጋ ሳመቻት። "እህቴ፣ አንቺን ሰምቼ የልጄን የእግር መደገፊያ ብረት አውጥቼ ጣልኩት" አለቻት። ልጅቷ ከኋላ ግድግዳ ይዛ ትጎተታለች፤ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ደግሞ ትስቃለች።

ተኳሿ ዞር ብላ ተመልሳ ገባች። ወንበር ስባ ወጣችና ታንኩን ከሚስማሩ አወረደችው። ሰው ሁሉ እያያት አጠለቀችው።

"እግሬ አንድም ቀን አልዳነም" አለች። "ስዋሻችሁ ነው የከረምኩት። የልጅቷን ብረት መልሱላት።"

ፓስተሩ ጠላት ገብቶባታል አለ። እናትየዋ ሮጣ መጥታ በጥፊ አጮለቻት። ተኳሿ እጇን አላነሳችም፤ ሲያንሰኝ ነው ብላ ቆመች። ግን አቋቋሟ ዘመም ያለ ነበር፤ የጫማው ከፍታ አልበቃ ብሏታል። ቤት ስትደርስ ባሏ ተንበርክኮ ለካት። በዚያ ዓመት ዳሌዋ ወርዶ ኖሮ ሶሉ ሌላ ሁለት ጣት ጎደለው። እያለቀሰ ጨመረላት። እሷ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ተንበርክካ "ጌታ ሆይ፣ ይኸው እኔ" አለችና እንደ ሕፃን ተኛች።

በሚቀጥለው እሁድ ስትቀመጥ አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁሉ ተነስተው ሄዱላት። "እግዜር ይስጣቸው፣ እግሬን ልዘርጋበት" አለች ባሏን። እናትየዋ ፊቷን አዙራ፣ እግዜር ይስጥሽ እንኳ ሳትላት አለፈች። ከኋላዋ ግን የልጅቷ ብረት ወለሉን እየነካ መጣ፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ተኳሿ ዓይኗን ጨፍና ሰማችው።