ይቅር ያላልኩት መድኃኒት ሻጭ

ሰውየውን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። የንስሐ አባቴ ያውቃሉ፤ በየጾሙ ያነሱብኛል፣ እኔም በየጾሙ «አልቻልኩም አባቴ» እላቸዋለሁ።

እኔ ቢቸና ገበያው አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። እህቴ ሞጣ ትኖራለች። ታላቄ ናት፤ እናታችን ስትሞት ገና ነፍስ ያላወቅሁ ነበርኩና ያሳደገችኝ እሷ ናት። በስሟ ጠርቻት አላውቅም፣ እትዬ ነው የምላት። ባሏ ከሞተ በኋላ ዝም አለች። የሐዘን ዝምታ መስሎን ጊዜ ሰጠናት፤ እሷ ግን እየባሰባት ሄደ። ምግብ ተወች፣ እንቅልፍ ተወች፣ ጠጉሯን መሠራት ተወች። በመጨረሻ እጇን ይዤ ሆስፒታል ወሰድኳት። ለድባቴ የሚሰጥ ፍሎክሰቲን የሚባል መድኃኒት አዘዙላትና «ቶሎ አይሠራም፣ ታገሡ» አሉን። ታገሥን። አንድ ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ እሷ ናት።

«ያን ቀሚስ ምን ሆነሽ ነው በሰው የላክሽው? እግር የለሽም?» ብላ ጮኸችብኝ።

መቀሴን አስቀምጬ አለቀስኩ። እህቴ መቆጣት ከጀመረች ድናለች ማለት ነው።

ክረምት ላይ ጎመን ልትቀነጥስ ጓሮ ወጥታ ጭቃው አዳለጣትና ወገቧን ተመታች። ቀጥ ማለት ሲያቅታት መናኸሪያው አካባቢ ወዳለ መድኃኒት ቤት ሄደች። ባለቤቱ ነጭ ጋዋን ለብሶ ስለሚቆም ሰዉ ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። ዶክተር አይደለም። እሱም አንድ ቀን «አይደለሁም» ብሎ አያውቅም። ትራማዶል የሚባለውን ጠንካራ ማስታገሻ ያለ ሐኪም ማዘዣ አውጥቶ ሰጣት። እትዬ ግን ጠይቃዋለች።

«የጭንቀት መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ከዚህ ጋር አይጣላም?» አለችው።

ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«እትዬ፣ ጭንቀቱን ለእግዜር ይስጡት፤ ወገብዎን ብቻ ለእኔ ይተዉልኝ!» አላት።

ሰዉ ሳቀ። ከሐዘንተኝነቷ በላይ የምትደብቀው ነገር ያ ኪኒን ነበር፤ በሰው ፊት ሲነገርባት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ወጣች። ሕመሙ አልለቅ ብሏት ስትመለስ ደግሞ «እንግዲያው ደረብ ያድርጉት» አላት። ደረበችው።

የጎረቤቷ ልጅ የደወለችልኝ ጠዋት ነው። «እትዬን ያንቀጠቅጣቸዋል፣ ቶሎ ነይ» አለችኝ። መንገድ እየተዘጋ የሚከፈትበት ጊዜ ስለነበር መኪና እስካገኝ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ስገባ ጎረቤቶቿ ጸበል ሊወስዷት እያዘጋጇት ነበር። አልፈርድባቸውም፤ የነበረችበትን ያየ ሌላ ነገር አያስብም። ልብሷ በላብ ርሷል፣ ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጃል፣ መንጋጋዋ ይንገጫገጫል። ዓይኗ ፈጦ የዓይኗ ብሌን ሰፍቷል። አልጋው ላይ አንዴ ትነሣለች፣ አንዴ ትወድቃለች። ስታየኝ በእናታችን ስም ጠራችኝ።

«ጸበሉም ይደርሳል፤ መጀመሪያ ሆስፒታል» ብዬ ለመንኳቸው። እሺ ብለው ተሸክመው ባጃጅ ውስጥ አስገቡልኝ። ከአልጋዋ ራስጌ ያገኘሁትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ጠቅልዬ ተከተልኩ።

የተቀበለችን ዶክተር ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ብዙ አልተናገረችም። የእትዬን እግር ይዛ ውስጥ እግሯን ወደ ላይ ገፋ ስታደርገው እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ ጀምሮ በራሱ ይመታ ጀመር፤ አልቆም አለ። ከዚያ ፌስታሉን ጠየቀችኝና ሁለቱን ማሸጊያ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

«እነዚህን አንድ ላይ ነው የምትወስዳቸው? ማን ነው የሰጣት?» አለችኝ።

ነገርኳት። ጥርሷን ነከሰች። ነርሶቹ ግሉኮስ እየሰቀሉ፣ የሚያረጋጋ መርፌ እየወጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ገላዋን እያቀዘቀዙ ሳለ ለእኔ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። አንጎላችን ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ስሜትንና እንቅልፍን ያስተካክላል። የድባቴው መድኃኒት የሚሠራው ያን ከፍ በማድረግ ነው። ማስታገሻውም ሳይታሰብ ያንኑ ከፍ ያደርገዋል።

«ሁለቱም ለብቻቸው መድኃኒት ናቸው። ሲደራረቡ ግን ሴሮቶኒኑ ከመጠን ያልፍና ሰውነትን ይመርዛል። ትኩሳቱ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ልናጣት እንችል ነበር» አለችኝ።

ልናጣት የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ ያደረግሁት በዚያ ቃል ነው።

በማግስቱ እትዬ ትኩሳቷ ወርዶ «ርቦኛል» ስትል፣ ሾርባ ላመጣ ብዬ ወጣሁና በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄድኩ። ሰው ተሰልፎ ነበር። አልጮኽኩም። የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኩት። ቢደነግጥ ኖሮ፣ «አወይ በሞትኩት» ቢል ኖሮ እዚያው እለቀው ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ። እሱ ግን ጋዋኑን እያስተካከለ፣

«ትራማዶል ስንቱ ይውጣል፣ ማን ሞተ? የእርስዎ እህት ድሮም ጭንቅላታቸው ልክ አይደለም» አለኝ።

በሕይወቴ የማላውቀውን ሰው «አንተ» ብዬ አላውቅም። ያን ቀን አልኩት።

«አንተ፣ ጋዋንህን አውልቅ» አልኩት። «ዶክተር አይደለህም። ንገራቸው። ለእነዚህ ሰዎች አሁን ንገራቸው።»

ከተሰለፉት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ማዘዣቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ። ሌሎችም ተከተሏቸው። የዚያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ጣፈጠኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከማር በላይ ጣፈጠኝ።

በዚያ አልበቃኝም። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሄጄ አመለከትኩ። «ይጣራል» አሉኝ፤ በየሳምንቱ ከቢቸና እየተመላለስኩ በር ላይ ስቀመጥባቸው ከመጣራት ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። ያለ ማዘዣ የማይሸጥ መድኃኒት መሸጡ ተረጋገጠና ቤቱ ታሸገ። እኔም ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ሲታሸግ እስከ መጨረሻው አየሁ። እዚህ ቢቸና የሰዎች ልብስ ሳይሰፋ ተከምሮ፣ አንዷ ሙሽራ እያለቀሰች ጨርቋን ወሰደች።

ከዚያ ሰውየው ሽማግሌ ላከ። የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ እትዬ ቤት መጥተው ቆሙ። እሷ ገና ሳይጨርሱ «እኔስ ይቅር ብዬዋለሁ» አለች።

«እኔ አላልኩም» አልኳቸው። «ያሳቀባትን ሰው ሁሉ ሰብስቦ፣ በዚያው ባንኮኒ ፊት ራሱ ይጠይቃት።»

«ልጄ፣ ሰው እንዲህ አይጨክንም» አሉ አንደኛው።

«እሱስ?» አልኳቸው። ተሰናብተው ሄዱ። ሰውየውም አልመጣም።

ቅጣቱን ጨርሶ ሲከፍት በገበያ ቀን እየሄድኩ ደጃፉ ላይ መቆም ጀመርኩ። ለሚገባው ሁሉ «ሌላ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ንገሩት፣ እንዲያይላችሁ አስገድዱት፤ እህቴን ሊገድላት ነበር» እላለሁ። ፖሊስ አምጥቶብኛል። ፖሊሱ እናቱ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ስለሚወስዱ፣ እኔን መክሮ ከመመለስ ይልቅ ስለ እናቱ ጠይቆኝ ሄደ። እኔም «ያሏቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዘው ለሐኪም ያሳዩ» አልኩት።

ከዚያ የማልጠብቀው ነገር ሆነ። ሚኒባስ ውስጥ አብራኝ የተቀመጠች ሴትዮ ስለ መድኃኒት ሻጩ ታወራለች፤ «እንደዚያ ሰው ጠንቃቃ አላየሁም። የምትውጪውን ሁሉ ሳይጠይቅ አንዲት ኪኒን አይሰጥም፤ የሳል ሽሮፕ እንኳ» አለችኝ። ሰው ሁሉ እያመሰገነው ነው። ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። ደሜ ፈላ። ያ ጥንቃቄ የተገዛው በእህቴ ነፍስ ነው፤ ምስጋናው ግን የእሱ ሆነ።

ለእትዬ ሄጄ ነገርኳት። አሁን ደህና ናት፤ ለወገቧ ሌላ ማስታገሻ ታዞላታል፣ የድባቴውንም መድኃኒት በሐኪም ምክር እንደገና ጀምራለች። ጎመን እየከተፈች ሰማችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን እንዲሆንልሽ ነው የምትፈልጊ?»

«እንዲያፍር።»

«አፈረ። ከዚያስ?»

«እንደገና እንዲያፍር።»

ቢላዋውን አስቀምጣ ሳቀች፤ ከባሏ ሞት ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም። ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ፣ «በእኔ የመጣ ነው፤ እኔ ትቼዋለሁ፣ አንቺም ተዪው» አለችኝ።

«የራስሽን ተዪለት እትዬ፣ የእኔን አትንኪብኝ» አልኳት።

ቅር ብሏት ወደ ጎመኗ ተመለሰች። በሚቀጥለው ገበያ ግን ደጃፉ ላይ ልቆም ከቤቷ ወደ መናኸሪያው ስወጣ ጃንጥላዋን አምጥታ እጄ ላይ አደረገችልኝ፤ ፀሐዩ ከባድ ነበር።