በስተቀኝ የተቆረጠው ፎቶ

ኢሳካ ሾዞ ቤት የገባ እንግዳ፣ ቤት ሳይሆን ባቡር ጣቢያ የገባ ይመስለዋል። ሳሎኑ ባቡር፣ ኮሪደሩ ባቡር፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር እንኳ ሳይቀር ባቡር ተለጥፎበታል። ድልድይ የሚሻገር ባቡር፣ ከጭጋግ ብቅ የሚል ባቡር፣ በረዶ በአፍንጫው እየገፋ የሚሄድ ባቡር። ሰውየው ዕድሜ ልኩን የሰው ጸጉር ሲያስተካክል ኖሮ፣ ያገኘውን የዕረፍት ቀን ሁሉ ሐዲድ ለሐዲድ ጨርሶታል። ታዲያ ባለፈው ዓመት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ ሚስቱ ፉሚዬ ስታርፍ፣ ለሽኝቱ የሚቆም ፎቶ አምጣ ተባለ። ቤቱን ቢገለብጥ፣ መሳቢያ ቢያራግፍ፣ የተገኘው የመንጃ ፈቃዷ ፎቶ ብቻ ሆነ። እሱኑ አስፋፍተው በነጭ አበባ መሃል አቆሙት። ያቺ ሳቂታ ሴት ትራፊክ ያስቆማት መስላ በለቀስተኛው ላይ አፈጠጠች።

አይ ሰው! በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ሲባል ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለናል።

እርግጥ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ባቡር ወዳጆች የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ያልተጻፈ፣ ግን ከተጻፈው የጠበቀ ሕግ። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይቆማል። ዘግይቶ የመጣ ጎንበስ ብሎ "ከኋላዎ ብቆም ይፈቅዱልኛል?" ይላል። በካሜራውና በሐዲዱ መሃል ያለ ንጹሕ በረዶ አይረገጥም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፎቶው ውስጥ ሰው አይገባም፤ ሰው የገባበት ፎቶ የተበላሸ ፎቶ ነው። ፉሚዬ ባሏን ተከትላ ስንት የበረዶ ወቅት ከኋላው ቆማለች፤ ሻይ በፔርሙዝ ይዛ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ። "ክርንሽ ገባ፣ ፈቀቅ በይ" ይላታል። ፈቀቅ ትላለች።

አንድ ቀን ብቻ ሕጉ ፈረሰ። ዓመታት አልፈዋል። ካሚኦሳዋ ከምትባለው ትንሽ ጣቢያ አለፍ ብሎ ሐዲዱ በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉም ካሜራውን ደግኖ ቆሟል። በረዶ ጠራጊው ባቡር ከጫካው ሊወጣ ሲል፣ ነፋስ የፉሚዬን የምሳ ዕቃ መጠቅለያ ነጠቃት። ነጭ ሽመላ የታተመበት ቀይ ጨርቅ፣ የእናቷ መታሰቢያ። ሴትዮዋ ሕግ የለ፣ ወግ የለ፣ ዘላ ገባች! በዚያ ንጹሕ በረዶ ላይ እስከ ጉልበቷ እየሰመጠች ሮጠችና፣ ክንዷን ወደ ሰማይ ዘርግታ ጨርቁን አየር ላይ ቀለበችው። ባቡሩም በዚያው ቅጽበት ከተፍ አለ። ከመደዳው የተነሣው ጩኸት አይጣል ነው። "ሚስትህን ቤት አስቀምጣት!" ያለው ቶኖሳኪ የሚባለው የሣር ምንጣፍ ሠሪ ነበር። ከእሱም በላይ የጮኸው ግን ባሏ ራሱ ነው። "ውጪ! ከዚያ ውጪልኝ!"

ባቡሩ ካለፈ በኋላ ኢሳካ በመደዳው እየዞረ ለእያንዳንዱ ሰው ወገቡን ሰብሮ ይቅርታ ጠየቀ። ለእሷ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም። እሷም ጨርቁን በጥንቃቄ አጠፈችና "ባቡሩ አመለጣችሁ እንዴ?" አለች፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ሐዲዱ ወደሚታጠፍበት፣ ወደ ጥምዙ፣ ወርዳ አታውቅም። በጣቢያው ማረፊያ ክፍል፣ ከጋዝ ምድጃው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ሹራብ እየሠራች ትጠብቀው ጀመር።

እንግዲህ ያ የመንጃ ፈቃድ ፎቶ በነጭ አበባ መሃል ባፈጠጠበት ዕለት ነው ኢሳካ ይሄ ሁሉ ትዝ ያለው። ያን ቀን ጣቱን ከካሜራው ላይ ያነሣ ሰው አልነበረም፤ ባቡር ሲመጣ ጣት ለባለቤቱ አይታዘዝም። የራሱን ፊልም በንዴት ያኔውኑ ጥሎታል። ግን ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች አንዱ፣ አንዱ እንኳ፣ ሳይጥለው ቀርቶ ቢሆንስ? ፉሚዬ በቀይ ጨርቋ፣ በቀላው አፍንጫዋ፣ እንደነበረችው ሆና አንድ መሳቢያ ውስጥ ብትኖርስ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ፤ ያውቀዋል። ቢሆንም ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ይሄው ሐሳብ ሆነ።

ዘንድሮ ደግሞ የመጨረሻው ነው። በረዶው ሲቀልጥ መስመሩ ይዘጋል፤ ሐዲዱም ይነቀላል ተብሏል። ስለዚህ በዚህ ቅዳሜና እሁድ በረዶ ጠራጊውን ለመሰናበት የቀድሞዎቹ ሰዎች ሁሉ ይመጣሉ። ከዚህ በኋላ ማን ከማን ይገናኛል? አሁን ካላገኛት አላገኛትም።

ቅዳሜ ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ኢሳካ ካሜራውን ከቦርሳው ሳያወጣ በመደዳው ይዞር ጀመር። "ቀይ ጨርቅ የያዘች ሴት የገባችበት፤ ያስታውሱታል?" ይላል። ያስታውሱታል፤ እንዴት አያስታውሱት!

"ኧረ እሱን ያኔውኑ ጣልኩት" አለው አንዱ።

"የተበላሸ ፎቶ ማን ያስቀምጣል ብለህ ነው?" አለው ሌላው።

የተበላሸ የሚለው ቃል አንጀቱን ወጋው። ቃሉ የራሱ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ወጋው።

ሂዮሪ የምትባል ነርስ አለች፤ ከመካከላቸው በዕድሜ ትንሿ፣ በምላሷ ግን ትልቋ። ስታየው ቆይታ አላስችል አላት፤ እንደ አገሩ ወግ ከስሙ ላይ የአክብሮት "ሳን" ጨምራ ጠራችው።

"ኢሳካ ሳን፣ ዛሬ ካሜራዎን ረስተው ሰው ብቻ ያነጋግራሉ። ለምርጫ ሊወዳደሩ ነው እንዴ?"

"ፎቶ እየፈለግኩ ነው።"

"የየትኛውን ባቡር?"

"የሚስቴን።"

ሂዮሪ ከኪሷ የእጅ ማሞቂያዋን ከረጢት አውጥታ መዳፉ ውስጥ አስጨበጠችውና "ቶኖሳኪ ሳንን ጠየቋቸው?" አለችው ቀስ ብላ።

"እሱን? ምላሴ ይቆረጥ!"

"እንግዲያው ኩራትዎን መስታወት ያስገቡትና እሱን ግድግዳ ላይ ይስቀሉት።"

ስሙ ተጠርቶ ይሁን ምን እንጃ፣ ቶኖሳኪ ትልቅ የካሜራ መቆሚያ በትከሻው ተሸክሞ እያለከለከ ደረሰ። በዚያች ቀን ጩኸት የተነሳ ሁለቱ ሲተላለፉ አንገት ከመስበር ያለፈ ሰላምታ አልነበራቸውም።

"አለህ እንዴ አንተ ሽማግሌ?" አለ ቶኖሳኪ። "ሞቷል ብለውኝ ነበር እኮ።"

"አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ?"

"ደግ፤ በቁመቴ ልክ አስቆፍርልኝ" አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ "የባለቤትህን ሰምቻለሁ። አዝኛለሁ" አለ። ኢሳካ ሊመልስለት አፉን ሲከፍት የባቡሩ ፊሽካ ከጫካው ተሰማ። መደዳው ካሜራውን ደገነ። ቀዩ ባቡር በረዶውን በሁለት ወገን እየበተነ መጣ፣ ካሜራዎቹ ተንጫጩ፣ አለፈ። ኢሳካ እጁን ኪሱ እንደከተተ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ከብርዱ ሸሽተው ወደ ማረፊያ ክፍሉ ገቡ። ኢሳካ የፉሚዬ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ፣ መስታወት ውስጥ የገባ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ቶኖሳኪ በውድድር ተሸልሞበት ለጣቢያው የሰጠው። ኢሳካ ይህን ፎቶ በደንብ አይቶት አያውቅም፤ ቅናት አያሳይማ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ አይቶት "በስተቀኝ ለመቁረጥ ምን አጣደፈው? ፎቶውን አንቆታል እኮ!" ብሎ ነበር። ፉሚዬ ከሹራቧ ቀና ሳትል "እኔ ግን ይሄን ፎቶ እወደዋለሁ" አለችው። የባላንጣውን ፎቶ! በዚያች ቃል አኩርፎ እስከ ቤቱ ድረስ አላናገራትም።

ቶኖሳኪ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ የሩዝ ድብልብሉን ይገምጣል። ኢሳካ ኩራቱን ዋጠው። ሲወርድ ጉሮሮውን ፋቀው፤ ግን ዋጠው።

"ቶኖሳኪ። ያን ቀን፣ ፉሚዬ የገባች ቀን፣ አንስተህ ነበር?"

ቶኖሳኪ ማላመጡን አቆመ። "አንስቼ ነበር።"

"የታለ?"

"ቆረጥኩት።" ሰውየው ዓይኑን ወደ ምድጃው አዞረ። "በረዶው እንደዚያን ቀን ሲበተን በዕድሜዬ አላየሁም። ልጥለው ሆዴ እንቢ አለኝ። ስለዚህ እሷን በስተቀኝ በመቀስ ቆርጬ አወጣኋት።"

"የቆረጥከውስ?"

"እሳት ውስጥ ገባ።"

"ፊልሙስ?"

"ቤቴን ጎርፍ የገባው ጊዜ ከሌላው ጋር ሄደ። ይቅር በለኝ ኢሳካ።"

የኢሳካ ቅስም ስብር አለ። ስንት ወር ያሞቀችው ተስፋ እዚያች ክፍል ውስጥ፣ የሾርባ ሽታ መሃል፣ እንደዋዛ ጠፋች። "በቃ ተወው" አለ፤ ድምፁ ለራሱም አልተሰማው።

ቶኖሳኪ ግን ግራ ገብቶት ያየዋል። "እንዴ፣ ፉሚዬ ሳን አልነገረችህም?"

"ምኑን?"

"የቀረውን ነዋ! ራስህ ላይ ተሰቅሎልህ አይደል እንዴ!"

ኢሳካ ተነሣና ዞረ። ባቡሩ አለ፤ የሚበተነው በረዶ አለ። በስተቀኝ በኩል ፎቶው እንደታነቀ ነው። ከታች ደግሞ፣ በዚያ ንጹሕ በረዶ ላይ፣ የስልክ እንጨት ጥላ ነው ብሎ ያለፈው ነገር ተጋድሟል። አሁን ተጠጋ። ጥላው ወገብ አለው። ራስ አለው። አንድ ክንዱ ወደ ላይ ተዘርግቷል፤ ከክንዱ ጫፍ ጨርቅ ይውለበለባል። የጠዋት ፀሐይ ከቀኝ መታ ጥላውን እስከ ሐዲዱ አስረዝማዋለች። ባቡር ወዳጅ ባቡሩን ነው የሚያየው፤ ማን ጥላ ያያል?

"እሷን ቆረጥኩ፤ ጥላዋ ግን ባቡሩ ሥር ድረስ ገብቶ ነበርና አልቆረጥ አለኝ" አለ ቶኖሳኪ ከኋላው። "በኋላ ነገሩ ከነከነኝና ይቅርታ ልጠይቃት እዚህ ድረስ መጣሁ። ሹራቧን እየሠራች ሳቀችብኝ። 'ኧረ ምንም አይደል፤ እዚህ ተቀምጬ ቀና ስል ራሴን አያለሁ። ቆንጆ ሆኜ ነው የወጣሁት' አለችኝ።"

ኢሳካ ያቺ ቃሏ ትዝ አለችው። እኔ ግን ይሄን ፎቶ እወደዋለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ እዚህ ተቀምጣ፣ ከራሷ ጥላ ሥር፣ ቀና ብሎ እስኪያያት ስትጠብቀው ኖራለች። ጣቶቹን መስታወቱ ላይ አሳረፈና፣ ሂዮሪ ስታየው፣ ቶኖሳኪ ሲያየው፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

"ለምን አልነገረችኝም?" አለ።

"ጠይቀሃት ነበር?" አለ ቶኖሳኪ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እንደዚያ ነው አነጋገሩ።

እሁድ ጠዋት ኢሳካ ከሁሉ ቀድሞ ጥምዙ ላይ ደረሰ። ሰዉ ቦታ ቦታውን ይዞ ሲያበቃ ከመደዳው ፊት ወጣ፤ የዚያን ቀን እንዳደረገው ወገቡን ሰበረ።

"ይቅርታ አድርጉልኝ። ከፊታችሁ ልገባ ነው።"

"የመጨረሻው ቀን እኮ ነው!" ብሎ አንዱ አጉረመረመ።

"ትንፍሽ የሚል ካለ መቆሚያውን ነው የምሰብርለት!" ብሎ ቶኖሳኪ አምባረቀ። ሂዮሪም ካሜራዋን አውርዳ "ይግቡ ኢሳካ ሳን፣ እኛ ባቡር ጠግበናል" አለች።

ቶኖሳኪ ከሐዲዱ ራቅ ብሎ ወደተተከለው የኪሎ ሜትር ቁጥር ምሰሶ ጠቆመው። "እዚያ ጋ ነበረች፤ ምሰሶው አጠገብ።" ኢሳካ በረዶው ውስጥ እየሰመጠ ሄደ። ምሰሶው ጋ ሊደርስ ሲል ግን ቆመ። እሷ የቆመችበትን በረዶ አልረገጠም፤ አንድ እርምጃ ያህል አስቀርቶ ከጎኑ ቆመ። ፀሐይዋ ከቀኝ ብትወጣና ጥላው ሐዲዱ ላይ ቢያርፍ፣ እንደ እሷ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ያሰበው ይሄን ነበር። ሰማዩ ግን እንደተደፈነ ነው። ባቡሩ ከጫካው ብቅ አለ። ኢሳካ ክንዱን ወደ ላይ ዘረጋ። ሾፌሩ የሚሰናበተው መስሎት ረጅም ፊሽካ ነፋለት፤ በረዶው እንደ ዱቄት ፊቱ ላይ ተበተነ። "ፉሚዬ!" ብሎ ጮኸ፤ በዚያ ጩኸት መሃል ማንም አልሰማውም።

ሲመለስ ቶኖሳኪ ካሜራው ላይ አቀርቅሮ አገኘው።

"ጥላ አልወጣም" አለው።

"አውቃለሁ።"

"አንተ ግን ወጥተሃል፤ አፍህን በርግደህ። ልቁረጥህ?"

ኢሳካ እንባው ሳይደርቅ ሳቀ። "ተወኝ።" ካሜራውን ተቀብሎ አየ። ባቡሩ፣ የሚበተነው በረዶ፣ ክንዱን የዘረጋ አንድ ሽማግሌ። ከሽማግሌው ቀጥሎ፣ ምሰሶው አጠገብ፣ ማንም ያልረገጠው ነጭ በረዶ።

"በስተቀኝ በጣም ሰፋ" አለ፤ አመል አይለቅ።

"ሆን ብዬ ነው" አለ ቶኖሳኪ። "የሷን ቦታ ሁለተኛ አልቆርጥም።"

ኢሳካ ያን ባዶ ነጭ ቦታ እያየ ቆመ። የካሜራው ስክሪን በራሱ ጊዜ ጠፋ።

"እንደገና አብራልኝ" አለው።