ዳኛውና የመሪጌታ ሰንጢ

ጤና ረዳቱ ዳኛው ሲፈጠር ቁጭ ብሎ ማዳመጥ የሚባል ነገር ተረስቶበታል። እጁን ኪሱ ከትቶ ሰንጢ ካልከፈተና ካልዘጋ ደሙ አይዘዋወርም። አንዴ በቀበሌ ስብሰባ አብዮቱ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ እየተነገረ ሳለ፣ ኪሱ ውስጥ «ቀጭ!» አደረጋት። ጠመንጃ የተቀባበለ የመሰለው ሊቀመንበር ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ ንግግሩንም የጨረሰው እዚያው ሆኖ ነው። ከዚያ ወዲህ ዳኛው ስብሰባ ሲገባ በር ላይ ይፈተሻል፤ እስኪያልቅም ጥፍሩን ሲበላ ይቆያል።

ቤቱ የሰንጢ ገዳም ነው። ሰንጢዎቹ ዘይት ይቀባሉ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ሥራ ግን አይነኩም። ባለቤቱ ወይዘሮ እንኳየሁ፣ «መሳቢያ ሙሉ ስለት ኖሮት ሽንኩርት መክተፊያ ቢላዋ የሚዋስ ቤት በጎንደር የእኛ ብቻ ነው» ትላለች።

ያም ሆኖ ዳኛው እንቅልፍ ያጣው በሌላ ሰው ሰንጢ ነው። የብራና ጸሐፊው መሪጌታ ወልደኢየሱስ የመቃ ብዕራቸውን የሚቀርጹባት ሰንጢ ከጣሊያን ዘመን የቀረች ናት። ለመኮንኖች ብቻ ተቆጥረው ከተሠሩት አንዷ ስትሆን፣ ስለቷ ላይ ቁጥሯ ተቀርጾባታል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰንጢ ወዳጆች ፒያሳ ሻይ ቤት ሲገናኙ ሌላው ወሬ ሁሉ ከእሷ በኋላ ነው።

«መሪጌታ፣ እስቲ ትንሽ ልያዛት።»

«ያዛት፤ ግን መልሳት። ባለፈው ሳምንት መንገዷ ወደ ኪስህ ነበር።»

ዳኛው ከፍቶ ወደ ብርሃኑ ያነሳታል። «ሞላዋን እዩልኝ! ከስለቷ ጋር ሲገጥም ፀጉር አያሳልፍም። ሚስማሯ ናስ! የአሁኖቹ እኮ ሲዘጉ የወፍጮ ቤት በር ነው የሚመስሉት። በአምስት ሰንጢ ይለውጡኝ?»

«ልጄ፣ መቃ የምቀርጸው በአንድ ነው። አምስቱን ምን ላድርጋቸው? ማኅበር ላስገባቸው?»

ዳኛው ሳምንቱን ሙሉ ሲገላበጥ ሰነበተ። እጀታዋ የበሬ አጥንት መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ወደ መሪጌታ ጆሮ ጠጋ አለ።

«መሪጌታ፣ ባልነግርዎ ኃጢአት ይሆንብኛል። ይቺ እጀታ የግመል አጥንት ናት።»

ሰንጢዋ እንደ ፍም ከእጃቸው ወደቀች። «ምን? ዳዊት የምጽፍበትን መቃ የምቀርጽባት?»

«ጣሊያን ለዚህ ምን ገዶት? ግድ የለም፣ እኔ እጥልልዎታለሁ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«አንተስ ክርስቲያን አይደለህም? እንዲህ ያለ ነገር በወንድሜ ኪስ ከትቼ በየትኛው አፌ ላዜም?» መሪጌታ ሰንጢዋን በመሐረብ ጠቀለሏት። «አዲስ ዓለም ሰፈር ለልብስ ሰፊው ለሐጂ አወል እሰጣታለሁ። እሳቸው ሥጋውንም ይበላሉ።»

ብድግ ብለው ቁልቁለቱን ተያያዙት። ዳኛው የሻዩን ብርጭቆ እንደያዘ ተከተላቸው።

«መሪጌታ! ዋሽቼ ነው! የበሬ አጥንት ናት!»

«ምነው ልጄ! እውነቱን ከተናገርህ በኋላ ለሰንጢ ብለህ ትዋሻለህ?»

ሐጂ አወል የስፌት መኪናቸው ላይ ሆነው ጃኬት ይሰፉ ነበር። ስጦታውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

«ሐጂ፣ እርስዎ የግመል አጥንት ያውቃሉ!» አለ ዳኛው እያለከለከ። «እስቲ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይመስክሩ!»

ሐጂ እጀታዋን አገላብጠው አዩ። ስለቷን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግመው ከፈቱ። ክር ቆረጡባት፤ ክሩ መቆረጡን እንኳ ሳያውቅ ሁለት ሆነ። ዓይናቸው በራ።

«ግመል ናት» አሉ ረጋ ብለው። «ያውም ሸጋ ግመል።»

«አየህ?» አሉ መሪጌታ ዳኛውን። «ንስሐ ግባ!»

ሐጂ ሰንጢዋን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። «ጓድ ዳኛው፣ የሚሰፋ ካለዎት ያምጡ። ክሩን በእሷ ነው የምቆርጠው፤ ቆመው ያያሉ።»

ሰኞ ጠዋት ዳኛው ሦስት ደህና ሱሪዎቹን ቀዶ አዲስ ዓለም ወረደ።