ጥንዚዛ ፊት ስግደት

ጥቃቅን ነገር አጉልቶ የሚያነሳውን ማክሮ ሌንስ ለመግዛት አቅሙ ስለሌለኝ ያለችኝን ሌንስ ገልብጬ፣ ካሜራው አፍ ላይ በእጄ ደግፌ ነው ትንንሽ ነገር የማነሳው። ችግሩ፣ እንዲህ ስታነሳ አፍንጫህ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም።

አንድ ቀን ደባርቅ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ተደፍቼ አንዲት ጥንዚዛ ሳነሳ፣ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ቄስ "እግዚአብሔር ስግደትህን ይቀበልህ፣ ልጄ" አሉኝ። በድንጋጤ ካሜራውን በጋቢዬ ሸፍኜ እውነትም መስገድ ጀመርኩ። ይሄዳሉ ስል ቆመው ያዩኛል። ባቆም ጉዴ ሊፈላ ነው፤ ላቤ ጠብ እስኪል ተነሳሁ፣ ወደቅሁ።

በመጨረሻ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ "ይበቃሃል ልጄ፤ ጥንዚዛዋ ከሄደች ቆይታለች" አሉኝ።