በመደብ ዓይን ያነበብኩት የወንፈል ዘፈን

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ነው። ዜና አነባለሁ ብዬ አዲስ ሻርፕ አድርጌ ደብረ ማርቆስ ወዳለው ራዲዮ ጣቢያ መጣሁ። የፕሮግራም ኃላፊው አቶ ደምሴ ሻርፔንም ሳያዩ፣ ድምፄንም ሳይሰሙ፣ «ለጊዜው ክምችት ክፍል ትረጃለሽ» ብለው አንድ የብረት በር አሳዩኝ። በራዲዮ ሻርፕ የሚያይ ሰው እንደሌለ የገባኝ ያኔ ነው።

ክምችት ክፍል ካሴቱ፣ ሲዲውና የኮምፒውተር ፋይሉ የሚቀመጥበት ነው። የክፍሉ ሠራተኛ ጋሽ ታፈረ በወጣትነታቸው የቀበሌ ኪነት ቡድን ከበሮ መቺ ነበሩ፤ በውይይት ክበብ ደግሞ ጽሑፍ የሚያነቡት እሳቸው ነበሩ። የእያንዳንዱን ዘፈን ርዕስ፣ ዘፋኝና ርዝመት በካርድ እንመዘግባለን። ጋሽ ታፈረ ግን ከካርዱ ጀርባ ሌላ ነገር በእርሳስ ያስጽፉኛል፦ ማን ይሠራል? ማን ይበላል? ማን ተደበቀ?

«ጋሼ፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ማርክስ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ስሙን ግን አትጥሪው። ስሙን ከጠራሽ ሰው ስብሰባ የተጠራ መስሎት ይሸሻል።»

በሦስተኛው ዓመት ከረዳትነት ወደ አዘጋጅነት አደግሁ። የቅዳሜ ጠዋት የመዝናኛ ሰዓት ተሰጠኝ፤ ፊልም፣ የቴሌቪዥን ድራማና ሙዚቃ የሚተነተንበት ነው። አቶ ደምሴ፣ «ስለ ተዋናዮቹ ፍቅርና ፀብ አውሪ፤ ሰው የሚፈልገው እሱን ነው» አሉኝ። እኔ ግን ክምችት ክፍል ያደግሁ ነኝ፤ የካርዱን ጀርባ ይዤ ስቱዲዮ ገባሁ።

መጀመሪያ ያነሣሁት የአንድ ሀብታም ቤተሰብ የፍቅር ፊልም ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ይዋደዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ያለቅሳሉ። ሰውየው «ቢዝነስ አለኝ» ይላል እንጂ ቢዝነሱ ምን እንደሆነ አንድ ቀን አይታይም። የቤት ሠራተኛዋ በር ትከፍታለች፣ ጠረጴዛ ታነሣለች፤ በፊልሙ ሁሉ የተናገረችው «እሺ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ይህንኑ በአየር ላይ አልኩ።

ስልኩ ሲከፈት ከጉንደ ወይን አንዲት ልጅ ደወለች። «እኔም ሰው ቤት ነው የምሠራ። እመቤቴ ፊልሙን ሦስት ጊዜ አይታዋለች። ፊልሙ ውስጥ ሠራተኛ መኖሯን ያወቀችው ዛሬ አንቺ ስትናገሪ ነው» አለችና ሳቀች። ቴክኒሺያኗ ሰላማዊት ከመስተዋቱ ወዲያ አውራ ጣቷን አነሣችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬን ወደድኩት።

ከውጭ ተተርጉመው የሚመጡትን ድራማዎች ጨመርኩ። በእነሱ አገር ድህነት የሚድነው በሠርግ ነው፤ ድሀዋ ልጅ የባለፋብሪካውን ልጅ አግብታ ታሪኩ ያልቃል፤ ፋብሪካው ውስጥ የቀሩት ሴቶች ምን እንደሆኑ ጠያቂ የለም። ሙዚቃውንም አልተውኩም። አንድ ዘፋኝ ክሊፑ ላይ የተደገፋት መኪና የኪራይ መሆኗን ባለቤቷ ራሱ ደውሎ ነግሮናል። አንዳንዱ አድማጭ «ካድሬዋ» ይለኝ ጀመር። ስሙ አላስከፋኝም፤ እንዲያውም ትንሽ አኮራኝ። ጥፋቴም የመጣው ከዚያ ኩራት ነው።

ይጁቤ ተወልዶ እዚህ ከተማ የሚዘፍን አንድ ወጣት አዲስ ክሊፕ አወጣ። ክሊፑ ላይ ገበሬዎች ጤፍ ያጭዳሉ፤ ማጭዳቸውን እያነሡ አንድን ሰው «ጌታዬ» እያሉ ያሞግሳሉ። ሰውየው ካባ ደርቦ፣ ጃንጥላ ተይዞለት፣ ከማሳው ዳር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሦስቱን ጥያቄ ጠየቅሁ። የሚሠራው ታወቀ፣ የሚበላው ታወቀ፤ ሦስተኛው ላይ አልቆየሁም። ከዚህ በላይ የተመቸ ነገር ከየት ይገኛል!

የጣቢያችን ደንብ አንድ ሥራ ከመተቸቱ በፊት የባለሥራው ድምፅ ይካተት ይላል። ለዘፋኙ አንድ ጊዜ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነበር። ቅዳሜ ገብቼ፣ «ይህ ካባ የደረበ ባለማሳ በሰው ላብ የሚኖር ነው፤ አጫጆቹም የሚታሰሩበትን ገመድ ራሳቸው በዜማ ይገምዳሉ» አልኩ። ይችን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ራሴን ወድጄው ነበር።

ማክሰኞ ጥበቃው «እንግዳ አለሽ» አለኝ። በሩ ላይ ጋቢ የለበሱ፣ በትራቸውን የተደገፉ ሽማግሌ ቆመዋል። የዘፋኙ አባት አያ ስሜነህ ናቸው። ሊከሱኝ የመጡ መሰለኝ።

«በራዲዮ የምትናገሪ አንች ነሽ ልጄ?»

«አዎ አባቴ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«ለመቀመጥ አልመጣሁም። ጤፌ ደርሷል። የሚመጣው ሰኞ ተራዬ ነበር። አያ መኮነን ‹በሰው ላብ የሚኖር ተብዬ ከእንግዲህ ከሰው ጋር ማጭድ አልይዝም› ብሎ ከወንፈሉ ወጣ። እሱ ሲወጣ ልጆቹም ወንድሙም ወጡ። ደመናውን ደግሞ እያየሽው ነው።»

አያ መኮነን ክሊፑ ላይ ካባ የደረቡት ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጠራሁም፤ ግን ይጁቤ ዙሪያ ያ ማሳ የማን እንደሆነ ሕፃን ያውቃል።

«ሰውየው የመሬቱ ጌታ አይደሉም እንዴ?» አልኩ።

አያ ስሜነህ ትክ ብለው አዩኝ። «ምን ጌታ? ያን ቀን የእሱ ተራ ነበር! በማግሥቱ ጎንበስ ብሎ የሌላውን ሲያጭድ ነው የዋለ። ወንፈል እኮ ነው ልጄ። ‹ጌታዬ› የምንለው ባለተራውን ነው። ዛሬ እሱን፣ ነገ እኔን።»

«ካባውስ? ጃንጥላውስ?»

«የቪዲዮ ሰዎቹ ነዋ! ‹እንዲያምር› ብለው አለበሱት። እኛ ካባ ደርበን የምናጭድ ይመስልሻል?»

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እኔም የከተማ ልጅ ነኝ። ወንፈል የሚለውን ቃል ከትምህርት ቤት አውቀዋለሁ፤ ተራውን ጠብቆ አንዱ ለአንዱ ይሠራል ተብሎ ተምሬ ፈተና ላይም መልሻለሁ። ማሳ ላይ ሲውል ግን አይቼ አላውቅም። በቪዲዮ ሰዎቹ ካባ ተታልዬ፣ በዝባዥ የሌለበት ቦታ በዝባዥ አገኘሁ። አፈርኩ። የደረሰ ጤፍ ዝናብ ካገኘው እንደሚረግፍ ደግሞ እኔም አላጣሁትም። የእኝህ ሰው የዓመት እንጀራ በእኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተንጠልጥሏል።

አቶ ደምሴ ነገሩን ሰምተው አልጮኹም። «ስንት ጊዜ ደወልሽ?» አሉኝ።

«አንድ ጊዜ።»

«ደብተርሽን ያዥና ይጁቤ ሂጂ። ሰውየው ወደ ወንፈሉ ካልተመለሰ ፕሮግራሙን እዘጋዋለሁ። እኔ ብተወው አንቺ ራስሽ ስቱዲዮ መግባት አትችይም።» እውነታቸውን ነበር።

ረቡዕ ከሰላማዊት ጋር መቅረጫውን ይዘን ይጁቤ ወረድን። አያ መኮነንን አጥር ሲያጥሩ አገኘናቸው። ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። እሾሁን መደርደር አላቋረጡም።

«በራዲዮ የተባለ በራዲዮ ይነሣል» አሉ። «ግቢዬ ውስጥ ይቅርታ ብትይኝ ማን ይሰማሻል? ቅጠሉ?»

«ለዚሁ ነው የመጣሁት» ብዬ ማይክሮፎኑን አወጣሁ።

እሾሁን አስቀምጠው መናገር ጀመሩ። በዓመት ስንት ማሳ ላይ እንደሚያጭዱ፣ የታመመ ሰው ተራ እንደማይዘለል፣ ባሏ የሞተባት ሴት ጉልበት ባትመልስም አዝመራዋ እንደማይቀር፣ ሁሉንም አስረዱ። በመጨረሻም የቀኝ መዳፋቸውን ወደ ማይክሮፎኑ ዘረጉት። «ይችን ንገሪልኝ» አሉ። መዳፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠጥሯል። ሰላማዊት ሳቋን ዋጠች፤ እኔ ግን ያየሁትን አንድ በአንድ ለመቅረጫው ተናገርኩ።

«ሰኞ ይወጣሉ?» አልኳቸው ስንነሣ።

«መጀመሪያ ልስማው።»

ቅዳሜ ፕሮግራሙን ከፍቼ፣ «ባለፈው ሳምንት ተሳስቻለሁ» አልኩ። ስሕተቴ የት እንደሆነ፣ ደንቡን እንዴት እንደዘለልኩ አልሸፋፈንኩም። የአያ መኮነንን ድምፅ ሳልቆርጥ አሰማሁ። ከዚያ ትችቴን ወደሚገባው ሰው አዞርኩ፦ እኩል የሚሠሩ ሰዎችን ይዞ፣ አንዱን ጌታ ሌላውን ሎሌ አድርጎ ያለበሳቸው ካሜራው ነው። እኩልነት አያምርም ያለው ማን ነው? ዘፋኙንም በስልክ አስገባሁት፤ «እኔም ካባው አልጣመኝም ነበር፤ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት» አለ። ከይጁቤ ግን ማንም አልደወለም።

እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ከመስኮት ወደ መስኮት እየሄድኩ ደመና ስቆጥር ዋልኩ።

ሰኞ ማለዳ አያ ስሜነህ ማሳ ደረስኩ። ሰባት ሰው ቆሟል። በዚያ ቁጥር ማሳው በአንድ ቀን አያልቅም። ሰማዩ ጠቁሯል። አያ ስሜነህ ማጭዳቸውን ይስላሉ፤ እኔንም አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ከአጥሩ ወዲያ ሳል ሰማን። አያ መኮነን ከፊት፣ ወንድማቸውና አራቱ ልጆቻቸው ከኋላ፣ ማጭድ በየትከሻው።

«ምነው ዘገየህ?» አሉ አያ ስሜነህ።

«ካባዬን ስፈልግ!» አሉ አያ መኮነን፤ ማሳው በሳቅ ተሞላ። እኔ እፎይ ብዬ ከድንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ተሰልፈው ገቡ። ያ ዘፈን ተነሣ፤ አሁን «ጌታዬ» የሚባሉት አያ ስሜነህ ናቸው። ከሁሉ አስበልጠው የሚያዜሙት አያ መኮነን ነበሩ። እኔም ማጭድ ተቀብዬ ገባሁ። ወዲያው ወደ ኋላ ቀረሁ፤ ጣቴንም ቆረጥኩ። «ካድሬዋ፣ አንችስ መናገሩ ይሻልሻል» ብለው መለሱኝ። አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻው ነዶ ተሰብስቦ ተከመረ። ዝናቡ የመጣው በማግሥቱ ነው፤ ክምሩ ተከድኖ ጠበቀው።

ከማሳው ሲያባርሩኝ ከአያ ስሜነህ ባለቤት ከእትዬ እንጉዳይ ጎን ሄጄ ተቀምጬ ነበር። ጠላ እየቀዱ ያቀብላሉ። ይህን ጠላ ለማድረስ ስንት ቀን እንደፈጀባቸው ጠየቅኋቸው።

«ጌሾ መውቀጡን ጨምሮ? ሁለት ሳምንት።»

«ለእርስዎስ የሚዘፈን አለ?»

«ለእኔ?» ብለው ሳቁ። «ጠላው ከቀጠነ ይዘፈንብኛል። እነሱ ተራ አላቸው፤ ዛሬ ያጭዳሉ፣ ነገ ይታጨድላቸዋል። እኔ በባለቤቴ ተራ ጠማቂ፣ በጎረቤቴ ተራ ረዳት ነኝ። የእኔ ተራ መቼ እንደሆነ አላውቅም።» ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው ወደ መቅረጫዬ ጠቆሙ። «ይኼን ተናገሪው ልጄ። ይኼ ልክ ነው።»

ተናገርኩት። በሥራ ዘመኔ ብዙ ደብዳቤ የመጣው ለዚያ ፕሮግራም ነው፤ አብዛኛው ከሴቶች ነበር።

ፕሮግራሙ አልተዘጋም። አሁን ጡረታ ልወጣ ስለሆነ ለምትተካኝ ልጅ ዕቃውን ሳስረክብ አንድ ነገር ብቻ ነገርኳት። ስለ ሥራ የተዘፈነ ዘፈን የሚተነተነው ሥራው ከታየ በኋላ ነው። ማሳው ቅርብ ነው፤ ይኬዳል።