ያስለቀሰኝ የሕንድ ፊልም

በጃንሆይ ዘመን፣ የመጀመሪያ ልጄ ክርስትና በተነሣ በሳምንቱ ሞተብኝ። በእኛ ዘንድ ለጨቅላ ብዙ አይለቀስም። ሰዉ «ምትኩን ይስጥሽ» ብሎኝ ተበተነ፤ እኔም እንባዬን ዋጥሁ።

ከወራት በኋላ አሰላ ውስጥ፣ በአንድ አዳራሽ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደው የሕንድ ፊልም አሳዩ። ሙስሊሟ ባለሱቅ ጎረቤቴ ይዛኝ ሄደች። ቋንቋውን አንዳችንም አናውቅም። ፊልሙ ላይ ያለችው እናት የሞተ ልጇን ታቅፋ ስታለቅስ እኔም ሳላስበው ድምፅ አውጥቼ አለቀስሁ።

«ሴትዮ፣ ፊልም እኮ ነው!» ብሎ አንዱ ከኋላ ሳቀ። አፍሬ ልነሣ ስል ጎረቤቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«አልቅሺ እኅቴ» አለችኝ በጆሮዬ፤ «ማንም ቢጠይቀኝ ፊልሙ ነው ያስለቀሳት እላለሁ።»

እስኪወጣልኝ አለቀስሁ። የፊልሙን ስም ዛሬም አላውቅም። ልጄን ያለቀስሁት ግን እዚያ ነው፤ እግዚአብሔር ጎረቤቴን ይባርክልኝ።