የበቅሎ ነጂው ጆሮ

ደባርቅ በተደረገ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ አብዝቼ ነው የተያዝሁት። ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው ገና ገብስ ገብስ ይሸታል። ከመጣበባችን የተነሣ በጎናችን ተደርድረን እንተኛለን። ካቦ የምንለው የእስረኞች አለቃ «ዙር!» ሲል ሁላችንም አንድ ላይ እንገለበጣለን።

ከጎኔ የሚተኛው፣ ጨነቅ ከሚባለው ተራራማ አገር የመጣ በቅሎ ነጂ፣ ወደ ቀኝ በዞርን ቁጥር ጥፍሩን ክንዴ ላይ ይተክላል። ዕድሜውን ሙሉ በገደል አፋፍ የሄደ ሰው ነው። አንድ ጠዋት ለቆጠራ ተሰልፈን ጠባቂው «ቀና በል!» ሲለው፣ ቀና አለና ተንገዳግዶ ግድግዳ ያዘ። ጠባቂው ያሾፈበት መሰለው።

«ነገም እንዲህ ከሆንህ ጨለማ ቤት ነው የምትገባው» አለው።

ስንመለስ ካቦው «ዛር ነው» አለ። ሌላው «ጾሙ ነው» አለ። እኔ ሳቅሁ። ከሰባተኛ ክፍል አላለፍሁም፤ ግን ዳባት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ስሠራ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የሐኪሞች መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየታገዝሁ ሦስት ጊዜ ጨርሻለሁ። አንድ ጊዜም ያልጨረሰው ሐኪም አውቃለሁ።

«ዐይንህ ይጨልማል ወይስ ቤቱ ይዞራል?» አልሁት።

«ቤቱ ነው ጋሼ። እንደ ወፍጮ።»

«ይቆያል?»

«አቡነ ዘበሰማያት ሳልጨርስ ይተወኛል።»

«እንግዲያው ጆሮህ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ሚዛን የሚጠብቁ፣ ከአሸዋ የደቀቁ ጠጠሮች አሉ። ከቦታቸው ሲንሸራተቱ ቆመህ ሳለ የዞርህ ይመስልሃል። አጋድሜ ራስህን በተራ ካዞርሁት ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።»

«ጋሼ፣ የኩላሊቱን ገጽ ይሆናል ያነበቡት!» አለ ካቦው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ቢሆንም ካቦው ራሱ «ተነሡለት» አለ። በቅሎ ነጂው በጀርባው እንዲጋደም ሰው ሁሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቆመ። ሌሊት ወደ ቀኝ ስንዞር ስለሚብስበት የታመመው ቀኝ ጆሮው ነው፤ ግን ፊት ለፊቴ ስለነበር የእኔን ቀኝ የእሱ ቀኝ አድርጌ ጀመርሁ፤ ምንም አልተሰማውም። ስሕተቴን ለማንም ሳልናገር እንደገና አስቀመጥሁት። አሁን ፊቱን ወደ ራሱ ቀኝ አዙሬ፣ ራሱን ወደ ኋላ ዝቅ አድርጌ አጋደምሁት። ዐይኖቹ ተርገበገቡ።

«ያዙኝ ጋሼ!»

«ይዤሃለሁ። ጸሎትህን ቀጥል።»

ሲረጋለት ራሱን ወደ ግራ አዞርሁ፤ ቀጥሎም በግራ ጎኑ አስተኝቼ ፊቱን ወደ ወለሉ መለስሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ አስነሣሁት። ሁለት ጊዜ ደገምነው።

በማግስቱ ቆጠራ ላይ ክንዴን አቀረብሁለት።

«ይተዉኝ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። አንድ እርምጃ ከግድግዳው ራቀ።

«ቀና በል!»

ቀና አለ። ጠባቂው ጥቂት አየውና ቆጥሮት አለፈ።

ከተፈታሁ ወዲህ ራሱን የሚያዞረው ሁሉ ደጄ ይመጣል። አንደበቱ የተሳሰረውን ወይም ፊቱ የተጣመመውን ቁጭ በል ሳልል ሆስፒታል እሰዳለሁ፤ ልኬን ማወቄም አንዱ ዕውቀቴ ነው። የሌላውን ራስ አዞራለሁ፤ ብዙዎቹ እየሳቁ ይሄዳሉ። ያም ሆኖ እንደዚያ ጠዋት ኮርቼ አላውቅም፤ ደግሞ ያን ቀን የሠራሁት ክንዴን መልሼ ማውረድ ብቻ ነበር።